ውለታና ሹመት

ውለታን እንዳትረሳ ብሎ ልጁን የማይመክር አባት የለም። በቃል ከሆነ ውለታ ቢስነትን የሚያመሰግን ሰው በዓለም ላይ አይገኝም። ነገር ግን ውለታ የሚፈተነው ባለውለታችን በደኅናው ጊዜ ሳለ አይደለም፤ ትናንት የጠቀመን ሰው ዛሬ የማይጠቅመን ሲሆን፥ ይልቁንም በቦታው መቆየቱ የሚጎዳን መስሎ ሲታየን ነው። ያን ጊዜ ምን ማድረግ ይገባናል? ትናንት ስላደረገልን ብለን እንታገሠው ወይስ ዛሬ ስላላደረገልን ብለን እናሰናብተው? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሲኖሩበት ግን ወንድምን ከወንድም፥ ማኅበርተኛን ከማኅበርተኛ ያጣላል።

ስለ መልካም ጠባይ የሚጽፉ ሰዎች ምሳሌ ሲሹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነገሥታት አዳራሽና ወደ ጦር ሜዳ ይሄዳሉ። እኔ ግን የምጽፈው ለወጣቶች ስለ ሆነ ወጣቶች ወደሚገኙበት መሄድን መረጥሁ። ቅዳሜና እሑድ በየሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቃችሁ የምታዩት የእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ውድድር፥ ለሚያስተውል ሰው ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለበት። ከነዚያም ውድድሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሮ በ2016 የተፈጸመውን የፕሪሚየር ሊግ ዘመን፥ ከእርሱም በኋላ የሆነውን ነገር ላነሣ እፈልጋለሁ። ወራቱንና ዓመታቱን ሁሉ እንደ እነርሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ታሪኩ የእነርሱ ነውና።

ሌስተር በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል የምትገኝ ከተማ ናት። ሌስተር ሲቲ የተባለው ቡድኗ በ1884 ተመሠረተ። ከዚያም ወዲህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሲጫወት የአገሩን ሊግ አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም፤ በ1929 በአንድ ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ መውጣቱ ትልቁ ክብሩ ነበረ። አልፎ ተርፎም በ2008 ወደ ሦስተኛው ክፍል እስከ መውረድ ደርሷል። በ2014 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ፤ ግን በተመለሰበት ዘመን 140 ቀን ያህል ከሁሉ በታች ተቀምጦ ከረመ። ዘጠኝ ጨዋታ ሲቀረው ከመውረድ ለመዳን ሰባት ነጥብ ይጎድለው ነበር። በዚያን ጊዜ አሠልጣኙ ናይጄል ፒርሰን የሚባል ቁጡና ግልጽ ሰው ነበረ። ቡድኑም ከዘጠኙ ጨዋታ ሰባቱን አሸንፎ ዐሥራ አራተኛ ሆነና ዳነ። (በዚያው በማርች 2015 በከተማይቱ የመኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘው የንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛው ዐፅም በካቴድራሏ በክብር ስለ ተቀበረ፥ ድሉን ሁሉ ለንጉሡ የሚሰጡ ቀልደኞች አሉ። እኔ ግን የንጉሥ አጥንት ኳስ ይመልሳል ብዬ አላምንም።)

ፒርሰን ቡድኑን ባዳነ በሁለተኛው ወር ተሰናበተ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ልጁን ጨምሮ ሦስት ወጣት ተጫዋቾች ወደ ታይላንድ በሄዱበት ጊዜ ባሳዩት አሳፋሪ ጠባይ ተባረው ነበር። ማኅበሩም ከአሠልጣኙ ጋር በአመለካከት ተለያይተናል ብሎ ሸኘው። ይህን ሰው አትርሱት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በእርሱ ፈንታ በጁላይ 2015 የተሾመው ክላውዲዮ ራኒዬሪ የሚባል ኢጣልያዊ ነው። ዕድሜው ስድሳ ሦስት ነበረ። በታላላቅ ቡድኖች ሠርቶ ያውቃል፤ ነገር ግን በየትኛውም ታላቅ አገር የአንደኛውን ክፍል ሊግ አሸንፎ አያውቅም። ከሁሉም ይልቅ ከጥቂት ወራት በፊት የግሪክን ብሔራዊ ቡድን ሲመራ፥ የሕዝቧ ቁጥር ከአንድ የእኛ ወረዳ በማይበልጥ በፋሮ ደሴቶች ቡድን በገዛ ሜዳው 1 ለ 0 ተሸንፎ ተባርሯል። ስለዚህ መሾሙ በተሰማ ጊዜ ብዙዎች ሣቁበት። በእንግሊዝ አገር በገንዘብ የሚወራረዱ ድርጅቶች አሉ፤ እነርሱም ሌስተር ዋንጫውን ቢያነሣ ለአንድ ፓውንድ አምስት ሺህ ፓውንድ እንከፍላለን አሉ። አይሆንም ማለታቸው ነው።

ራኒዬሪ የሠራውን ሥራ ባሰብሁ ቁጥር የሚደንቀኝ ያደረገው ነገር ሳይሆን ያላደረገው ነው። አዲስ ሹም ሲመጣ የቀድሞውን ሁሉ አፍርሶ በራሱ ስም መሥራት ይወዳል፤ ይህን በትምህርት ቤትም፥ በመሥሪያ ቤትም፥ በዕድርም አይቻለሁ። ይህ ሰው ግን ያገኘውን ቤት አላፈረሰም። የፒርሰንን ተጫዋቾች፥ የፒርሰንን ረዳቶች፥ የፒርሰንንም የልምምድ ሥርዓት አብዛኛውን እንዳለ ተቀበለ። ተጫዋቾቹም እነማን ነበሩ? ጄሚ ቫርዲ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በፋብሪካ ውስጥ ለታመመ እግርና እጅ የሚሆን ድጋፍ እየሠራ በትንንሽ ክፍል ይጫወት የነበረ ሰው ነው። ሪያድ ማሕሬዝ ከፈረንሳይ ሁለተኛ ክፍል ለታላላቆቹ ቡድኖች የቡና ዋጋ በማይሆን ገንዘብ የተገዛ ነው። ንጎሎ ካንቴን ግን በዚያው ክረምት ከካን አመጡት፤ እርሱም ቁመቱ አጭር ነው እየተባለ በወጣትነቱ ብዙ በር የተዘጋበት ነበረ።

በሴፕቴምበር አርሰናል መጥቶ በገዛ ሜዳቸው 5 ለ 2 አሸነፋቸው። ቡድኑ ጎል ያገባ ነበር፤ በሩን መዝጋት ግን አይችልም። ራኒዬሪ ሁለቱን የዳር ተከላካዮች ለወጠና ጎል ሳይገባባችሁ ብትወጡ ፒዛ አበላችኋለሁ ብሎ ቃል ገባ። በኦክቶበር ክሪስታል ፓላስን 1 ለ 0 አሸንፈው ጎል ሳይገባባቸው በወጡ ጊዜም ቃሉን ፈጸመ፤ ነገር ግን ምግብ ቤት ወስዶ ሊጡን ራሳቸው እንዲዳምጡ፥ ፒዛውንም ራሳቸው እንዲሠሩ አደረጋቸው። ለሁሉ ነገር መድከም አለባችሁ፥ ለፒዛም ቢሆን፤ አላቸው። እኔ በመምህርነቴ ዘመን ሽልማትን ከሥራ ጋር እንዲህ አዋሕዶ የሰጠ ሰው ብዙ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ቫርዲ በተከታታይ በ11 የሊግ ጨዋታ ጎል አገባ፤ ከእርሱ በፊት ይህን ያደረገ ሰው በፕሪሚየር ሊግ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2016 ማንቸስተር ሲቲን በሜዳው 3 ለ 1 አሸነፉ። ዘመኑ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ደግሞ ደጋግመው በ1 ለ 0 ያሸንፉ ጀመር፤ አምበሉ ዌስ ሞርጋንና በረኛው ካስፐር ሽማይክል ከ38ቱ ጨዋታ አንዲት ደቂቃ አላመለጣቸውም። ሜይ 2 ቀን 2016 ቶተንሃም ከቼልሲ ጋር 2 ለ 2 ሲወጣ፥ ሌስተር በ132 ዓመት ዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ቀን ራኒዬሪ የዘጠና ስድስት ዓመት እናቱን በኢጣልያ ምሳ ሊጋብዝ ሄዶ ነበር። በመጨረሻ የተቈጠረው 81 ነጥብ ነው፤ ሁለተኛ የወጣውን አርሰናልን በዐሥር በልጦ፥ ሦስት ጊዜ ብቻ ተሸንፎ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ደስ የሚል ነውና። የእኔ ጥያቄ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በሚቀጥለው ዘመን ካንቴ ወደ ቼልሲ ሄደ። ቡድኑ ኃይሉ የተቀነሰበት መሰለ። በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ ምድቡን በአንደኛነት ቢያልፍም፥ በአገሩ ሊግ ከሜዳው ውጭ አንድም ጨዋታ ሊያሸንፍ አልቻለም። ጃንዋሪ 9 ቀን 2017 ፊፋ ራኒዬሪን የዓመቱ የዓለም ምርጥ አሠልጣኝ ብሎ ሸለመው፤ በዚያ ወርና በሚከተለው ቡድኑ በስድስት የሊግ ጨዋታ አንድ ጎል አላገባም። የመውረድ ጥላ መጣ። ሻምፒዮን በሆነ በማግሥቱ ዓመት የወረደ ቡድን በእንግሊዝ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በ1938 የወረደው ማንቸስተር ሲቲ ነው። ሌስተር ሁለተኛው ሊሆን ተቃረበ።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን ማኅበሩ መግለጫ አወጣና ለአሠልጣኙ ያለው ድጋፍ የማይናወጥ መሆኑን ለሕዝብ ነገረ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን በስፔን አገር በሲቪያ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ መልሱ በሜዳቸው ስለሚሆን ተስፋው ገና አልተቈረጠም ነበር። በማግሥቱ ማታ፥ ፌብሩዋሪ 23 ቀን፥ ራኒዬሪ ተሰናበተ። ዋንጫውን ካነሣ ዘጠኝ ወር፥ የማይናወጥ ከተባለው ድጋፍም ዐሥራ ስድስት ቀን።

የማኅበሩ ሹማምንት የሰጡት ምክንያት ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ስሜታችን የቱንም ያህል ቢበረታ የማኅበሩን የወደፊት ጥቅም ከስሜታችን በላይ ማድረግ ግዴታችን ነው። ዓለም ግን ተቈጣ። ጆዜ ሞሪንሆ በማግሥቱ የራኒዬሪን ስም ሁለት ፊደላት በልብሱ ላይ አጽፎ በጋዜጠኞች ፊት ቀረበ። (ሞሪንሆ ራሱ ቼልሲን ሻምፒዮን ባደረገ በሰባት ወሩ ተባርሯል፤ ያውም በሌስተር በተሸነፈ በሦስተኛው ቀን። ስለዚህ የነገሩን መራራነት ያውቀዋል።) ጋዜጦችም ተጫዋቾቹ በአሠልጣኛቸው ላይ ተነሥተውበት ነበር ብለው ጻፉ፤ ቫርዲና ሌሎቹም ሐሰት ነው ብለው ካዱ።

ቀጥሎ የሆነው ግን ለምግባር ሰዎች አስቸጋሪ ነው። ምክትሉ ክሬግ ሼክስፒር በቦታው ተተካና በአራተኛው ቀን ሊቨርፑልን 3 ለ 1 አሸነፈ። አምስት የሊግ ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ሲቪያን በሜዳው 2 ለ 0 ረትቶ ከአውሮፓ ስምንት ቡድኖች አንዱ ሆነ። በሊጉም ዐሥራ ሁለተኛ ወጣ፤ አልወረደም።

በዚያን ጊዜ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት፥ አሁን የባንክ ሠራተኛ የሆነ፥ መንገድ ላይ አግኝቶኝ በድል አድራጊነት፥ «ጋሼ፥ አዩ አይደል? እርስዎ ግፍ ነው ሲሉ የነበሩት ነገር ትክክል ሆኖ ተገኘ። ባያባርሩት ኖሮ ወርደው ነበር። ውለታ ኳስ ሜዳ አይገባም» አለኝ። ብልህ ልጅ ነው፤ ሒሳብም ጥሩ ያውቅ ነበር። እኔም ቡና እየጠጣን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። አንድ ሰው ከጎረቤቱ ገንዘብ ተበድሮ፥ ቀኑ ሲደርስ ሳይመልስ፥ በዚያው ገንዘብ በሬ ገዝቶ አርሶ ቢከብር፥ አዝመራው ማማሩ ዕዳውን ይሰርዘዋል? አይሰርዘውም አለ። ዝናብ ጠፍቶ ዘሩ ቢቀር ኖሮስ ዕዳው ይጨምራል? አይጨምርም አለ። እንግዲህ ሊቨርፑል በመሸነፉ ወይም ባለመሸነፉ ለራኒዬሪ የሚገባው ነገር እንዴት ይለወጣል? ሼክስፒር ማሸነፉ ማኅበሩ የራሱን ጥቅም በትክክል እንደ ገመተ ያሳያል፤ ሌላ ነገር አያሳይም። ብልህነትና ጽድቅ አንዳንድ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ግን መንታ አይደሉም።

ልጁም በቀላሉ የሚረታ አይደለምና፥ «እንግዲያስ ምን ያድርጉ? ለውለታው ሲሉ ይውረዱ?» አለኝ። ይህ ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ፈጥኜም አልመለስሁለትም። አንድ ቡድን ከፕሪሚየር ሊግ ሲወርድ ገቢው እጅግ ይቀንሳል፤ የሚጎዳውም ሀብታሙ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን ሣር የሚያጭደው፥ ቲኬት የሚቈርጠው፥ ወጥ ቤት የሚሠራው ሁሉ ነው። አሠልጣኝነት የእነዚህ ሁሉ እንጀራ የተንጠለጠለበት ሥራ ነው። ሥራውን መሥራት ለተሳነው ሰው፥ ትናንት ሠርቷልና ይቀመጥበት ማለት፥ ውለታን በሌላ ሰው ገንዘብ መክፈል ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የክርክሩ ስሕተት ያለው ውለታና ሹመት በመደባለቃቸው ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ እንኳ ሹመትና ሽልማት ተቀራርበው ይኖራሉ። ለተሾመ ሰው ሹመት ያዳብር ብለን እንመርቃለን፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያልንም እንተርታለን፤ ሁለቱም ሹመትን ለሰውዬው እንደ ተሰጠ ርስት አድርገው የሚያዩ ናቸው። ሹመት ግን ሸክም ነው። ሸክሙን መሸከም ያልቻለውን ሰው ማውረድ ውለታውን መካድ አይደለም። በሃያ ዓመት ያገለገለ ሹፌር ዓይኑ ሲደክም፥ አውቶቡሱን ከነመንገደኛው ለእርሱ መተው ምስጋና አይባልም።

እንዲህ ከሆነ ለራኒዬሪ ምን ይገባው ነበር? አስቀድሞ እውነት ይገባው ነበር። እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ ማባረሩ አይደለም፤ ያች የፌብሩዋሪ 7 መግለጫ ናት። ልቡ የተናወጠ ሰው የማይናወጥ ድጋፍ አለኝ ብሎ ለዓለም ሊናገር አይገባውም ነበር። ማንም አላስገደደውም፤ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ለጠላት እንኳ የማይገባ ቃል ለባለውለታ ተሰጠና በግማሽ ወር ታጠፈ። ደግሞም ጊዜና አኳኋን ይገባው ነበር፤ ከሩቅ አገር ተሸንፎ በተመለሰ ሰው ላይ፥ መልሱ ጨዋታ ገና ሳይደረግ፥ ሻንጣው ሳይፈታ በር መዝጋት ምን ያህል ያስቸኩላል? ምናልባት ጥድፊያው ለሥራው ይጠቅም ይሆናል። ይሁን እንጂ የሚቸኩል ሰውም ከባለውለታው ጋር ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን እያየ፥ አንተ ያደረግህልንን ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሰው አያደርግልንም፤ ነገር ግን ሥራውን ለሌላ መስጠት አለብን፤ ሊለው ይችላል። ይህን የመሰለ ቃል ገንዘብ አያስወጣም፤ ነጥብም አያስቀንስም። ከባድ የሚሆነው ለተናጋሪው ስለሚያሳፍር ብቻ ነው።

ከተጫዋቾቹም የሚጠበቅ ነበረ። ተነሥተውበታል የሚለውን ወሬ ራሳቸው ስለ ካዱ በወሬ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ሊቨርፑል በመጣበት ሌሊት እንዴት እንደ ሮጡ ዓለም ሁሉ አይቷል። ጨዋታውን ያየሁ ጊዜ፥ ይህ ሩጫ ባለፈው ሳምንት የት ነበረ? ብዬ ጠየቅሁ። አዲስ አለቃ ሲመጣ የሰው ጉልበት መታደሱ ባሕርይ ነው ይሉኛል፤ እኔም አልክድም። ብቻ ባሕርይ ነው የተባለውን ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ማለፍን አልወድም።

አሁን ወደ ፒርሰን ልመለስ፤ እመለስበታለሁ ብያችሁ ነበርና። ለራኒዬሪ ያለቀሰው ዓለም ለዚህ ሰው አላለቀሰም። ቫርዲን፥ ማሕሬዝን፥ ሞርጋንን፥ ሽማይክልን በአንድ ቡድን ያስተሳሰረ እርሱ ነው። ከመውረድ ያወጣቸውም እርሱ ነው፤ በዚያች ስፕሪንግ ባይድኑ ኖሮ ሻምፒዮንነት የሚባል ነገር አይታሰብም። ማሕሬዝንና ካንቴን ያገኘው ስቲቭ ዎልሽ ደግሞ ረዳት ነበርና ስሙን ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ጥቂት ነው። ያባቴ ወዳጅ የነበሩ አንድ ግንበኛ፥ ቤት ሲመረቅ የሚጠራው ቀለም የቀባው ነው፤ መሠረት የቈፈረውማ ያን ጊዜ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ይሉ ነበር። የእኛ ምስጋና ዓይኑ አጭር ነው፤ ዋንጫውን በእጁ የያዘውን ብቻ ያያል። ራኒዬሪ የፒርሰንን ቤት ሳያፈርስ መቀበሉ፥ እኔ እንደማስበው፥ ከዋንጫው የማያንስ ክብሩ ነው፤ ሌላው ሰው የረሳውን ውለታ እርሱ በሥራው መስክሮለታልና።

ራኒዬሪ በተባረረ በማግሥቱ የተናገረው ቃል አጭር ነው። ትናንት ሕልሜ ሞተ አለ። ከምንም ይልቅ ይመኝ የነበረው ከሚወደው ከሌስተር ጋር መቆየትን እንደ ነበረ ተናገረ። ከዚያም ረዳቶቹን፥ ተጫዋቾቹን፥ ከተማይቱንም አመሰገነ። ስለ ዐሥራ ስድስቱ ቀን አንዳች አላነሣም። በኦክቶበር 2018 የማኅበሩ ባለቤት ቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ፥ ያ የሾመውም የሻረውም ሰው፥ ሄሊኮፕተሩ ከስታዲየሙ ተነሥታ ስትወድቅ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር በሞተ ጊዜ፥ ራኒዬሪ ኀዘኑን በይፋ ገለጸ።

ኖቬምበር 28 ቀን 2021 ራኒዬሪ ወደ ሌስተር ስታዲየም መጣ፤ የዋትፎርድ አሠልጣኝ ሆኖ፥ ዕድሜው ሰባ ሆኖት። በረዶ ይወርድ ነበር። የሌስተር ሕዝብ ባየው ጊዜ በደስታ አጨበጨበለት፤ እርሱም እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያም ጨዋታው ተጀመረ፤ ሌስተር 4 ለ 2 አሸነፈ፤ ከአራቱ ጎል ሁለቱን ያገባበት ቫርዲ ነበር።